ጫካው የሰጠው መልስ
የቡና ፍሬ በሽታና ስማቸው ያልተመዘገበ ዘር ጠባቂዎች

የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ስለ ነገሥታት መነሣትና መውደቅ፣ ስለ ጦር ሜዳ ውሎና ስለ ድንበር ክርክር በሰፊው ይተርካሉ። ስለ ሰብል ጠላቶች የሚሉት ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ አንበጣው፣ ተምቹ፣ ግሪሳው፣ አቀንጭራውና ዋጉ የስንቱን ገበሬ ጎተራ ባዶ እንዳስቀሩ፣ ስንቱንም ቤተሰብ ከቀዬው እንዳፈናቀሉ ሰፊው ሕዝብ ያውቀዋል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ አገራችንን የመታው ክፉ ቀን የከብት እልቂት ብቻ አልነበረም። በሬው በደስታ በሽታ ሲያልቅ ድርቁ ተጨመረበት፤ ከድርቁ የተረፈውንም ቡቃያ አንበጣና ተምች ጨረሱት። እ.ኤ.አ. በ1958 አንበጣ በአገራችን ያጠፋው እህል 167,000 ቶን እንደሚደርስ ተመዝግቧል፤ ይህም ለአንድ ሚሊዮን ሰው የዓመት ቀለብ ሊሆን ይችል የነበረ ነው።

አንበጣ ሰማዩን አጨልሞ ስለሚመጣ ሁሉም ያየዋል፤ እናት ጣሳ እየደበደበች፣ ሕፃኑ ጅራፍ እያጮኸ፣ ሽማግሌው እየተማጸነ ይዋጋዋል። አንዳንዱ የሰብል ጠላት ግን ድምፅ የለውም። በዝናብ ጠብታ ውስጥ ተሸሽጎ ከዘለላ ወደ ዘለላ ይሻገራል፤ ገበሬው ሲነቃ ፍሬው ጠቁሮ መሬት ላይ ረግፏል። ይህ ጽሑፍ የሚያወሳው ከእነዚህ ድምፅ አልባ ጠላቶች አንዱን፣ የቡና ፍሬ በሽታን ነው። የምንጽፈውም በሽታው ያደረሰውን ጥፋት ለመቁጠር ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ ከወዴት እንደ ተገኘ፣ ማንስ ጠብቆ እንዳቆየው መመርመር ለዛሬው ትውልድ የሚጠቅም ትምህርት አለው ብለን ስለምናምን ነው።

ከቤቱ የወጣው ቡና

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መነሣት ያስፈልጋል። አረቢካ ተብሎ የሚታወቀው ቡና ዋነኛ መገኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። በከፋ፣ በኢሉባቦርና በጅማ ጫካዎች ውስጥ ከዋንዛው፣ ከብሳናው፣ ከሰሳውና ከቀረሮው ሥር ማንም ሳይተክለው በቅሎ ሲያፈራ ኖሯል። የአካባቢው ሕዝብም ከመጠጥነቱ በፊትም ሆነ በኋላ ቡናን በልዩ ልዩ መንገድ ሲጠቀምበት ቆይቷል። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ፍሬውን ከነገለባው በቅቤ ጠብሶ ለምርቃትና ለጸሎት የማቅረቡ ሥርዓት፣ ማለትም ቡና ቀላ፣ ለዚህ ሕያው ምስክር ነው። በአገራችን በብዙ ቦታ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ጎረቤት የሚጠራራበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ወሬና ምክር የሚለዋወጥበት ማዕድም ከዚሁ ዛፍ የተገኘ ነው።

ይህ ቡና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ እስያ ሲዘልቅ ይዞት የሄደው ከጫካው ሀብት እጅግ ጥቂቱን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1706 ከጃቫ ወደ አምስተርዳም የተወሰደ ችግኝ፣ በ1714 ለፈረንሣዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ የተበረከተው ዛፍ፣ በ1720ዎቹ መጀመሪያም ወደ ማርቲኒክ ደሴት የተሻገረው ተክል የላቲን አሜሪካን ሰፋፊ የቡና እርሻዎች ለመውለድ በቅተዋል። ከዚህ እንደምናየው የዓለም ገበያን ያጥለቀለቀው ቡና ጣት ተቆጥሮ ከሚያልቅ ዛፍ የተወለደ ነው። መልኩ አንድ፣ ጥንካሬው አንድ፣ ድክመቱም አንድ ሆነ።

ወንድማማች ዛፎች በአንድ በሽታ አብረው እንደሚወድቁ የሴሎን ደሴት፣ ማለትም የዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1869 የቡና ቅጠል ዋግ በዚያች ደሴት መታየቱ ተረጋገጠ። የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ተራራውን መንጥረው ከዳር እስከ ዳር ቡና ብቻ ተክለውበት ስለ ነበር፣ በሽታው ከእርሻ ወደ እርሻ ሲሻገር የሚያግደው ነገር አላገኘም። ሃሪ ማርሻል ዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1880 ወደዚያ ተልኮ በሽታውን አጠና፤ አንድ ዓይነት ተክል ያለ ማቋረጥ በሰፊው መትከል የመቅሠፍቱ አጋዥ መሆኑንም አስገነዘበ። ምክሩ ግን ዘግይቶ ነበር። በሁለት አሥርተ ዓመታት ውስጥ የሴሎን ቡና ከገበያ ጠፋ፤ መሬቱም በሻይ ተተካ። የቀን ሠራተኛው ያለ ሥራ ሲቀር ማንም አልደረሰለትም። ያው ዋግ በእኛ ጫካ ውስጥ ከቡናው ጋር አብሮ የኖረ ሲሆን፣ እንደ ሴሎን ያለ ጥፋት አላደረሰም። የዛፉ ዓይነት መብዛቱ፣ ጥላውና በጫካው ውስጥ ያሉት የዋጉ ተፈጥሯዊ ጠላቶች ለዚህ አስተዋጽኦ እንዳላቸው ይታመናል።

ከጎረቤት የመጣ መቅሠፍት

የቡና ፍሬ በሽታ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1922 በምዕራብ ኬንያ ነው። አስተላላፊው ዓይን የማያየው ፈንገስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ታውቆ ኮሌቶትሪከም ካሃዌ የሚል ሳይንሳዊ ስም ተሰጥቶታል። የስሙ ሁለተኛ ክፍል ካሃዋ ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የተወሰደ ነው፤ ትርጉሙም ቡና ማለት ነው።

ፈንገሱ ዛፉን አይገድልም። ቅጠሉ እንደ ለመለመ፣ ግንዱም እንደ ቆመ ይቀራል። የሚያጠቃው ፍሬውን፣ ያውም ገና አረንጓዴ ሆኖ በፍጥነት የሚያድገውን እሸት ነው። በመጀመሪያ በፍሬው ልጣጭ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ነጥቡ እየሰፋ፣ መካከሉም እየሰረጎደ ሄዶ ፍሬውን በሙሉ ያለብሰዋል። ከዚያም ፍሬው ወይ ይረግፋል፣ ወይም ጠቁሮና ደርቆ ዘለላው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ብርድና እርጥበት የሚበዛባቸው ከፍተኛ ቦታዎች ይበልጥ ይመቹታል፤ ዝናቡ ቅርንጫፉን በመታ ቁጥር የፈንገሱ ዘር ከላይኛው ዘለላ ወደ ታችኛው ይንጠባጠባል። ስለዚህ ገበሬውን ይበልጥ የሚያሳዝነው ነገር ዛፉ ጤነኛ መስሎ ሳለ ምርቱን መንሳቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ የተደከመበት ጓሮ በመኸር ጊዜ ባዶ ቅርንጫፍ ያሳያል።

ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን ታየ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም አብዛኛውን ቡና አብቃይ አካባቢ አዳረሰ። ዝናብ በሚበዛባቸው ከፍተኛ ቦታዎች ለበሽታው የማይበገር ዘር ካልተገኘ ከምርቱ አብዛኛውን ሊያጠፋ እንደሚችል ታወቀ። በዚያን ጊዜ ከአገሪቱ የውጭ ንግድ ገቢ ግማሽ ያህሉ ከቡና ይገኝ ስለ ነበር፣ ጉዳዩ የአንድ ሰብል ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ለጭሰኛውና ለአነስተኛው አምራችም ቡና ማለት የግብር መክፈያ፣ የልጅ ማልበሻ፣ የጨውና የእህል መሸመቻ ነበር።

ሁለት መንገዶች

ከፊት ለፊት የነበሩት መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው መድኃኒት መርጨት ነው። ኬንያ ውስጥ ሰፋፊ እርሻዎች ይህን መንገድ ተከትለው፣ በአንድ የዝናብ ወራት ደጋግመው መዳብ ያለበትንና ሌላም ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ይረጩ ነበር። ወጪው ከጠቅላላው የማምረቻ ወጪ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ተመዝግቧል። እንዲህ ያለውን ወጪ ትልቅ ባለርስት ይችለው ይሆናል። በጓሮው መቶ ዛፍ ያለው፣ መርጫ መሣሪያም ሆነ መንገድ የሌለው፣ መድኃኒቱን ከሩቅ ከተማ በጀርባው ማምጣት ያለበት ገበሬ ግን ከየት ያመጣዋል? በጫካ ውስጥ ለበቀለው ቡናማ ርጭት ፈጽሞ የሚታሰብ አልነበረም። መድኃኒቱ በአገራችንም ተሞክሯል፤ በሽታውንም ያስታግሳል። ነገር ግን ዝናቡ አጥቦ በወሰደው ቁጥር እንደገና መግዛት ግድ ነው። እንዲህ ያለ መፍትሔ ገበሬውን ከበሽታው አላቆ ለነጋዴው ያስገዛዋል።

ሁለተኛው መንገድ ረጋ ብሎ ዛፉን ራሱን መጠየቅ ነበር። በሽታው የበረታበት እርሻ ውስጥ ሁሉም ዛፍ እኩል ተጎድቷልን? የሚል ጥያቄ ተነሣ። መልሱ ዓይን ላለው ሁሉ ግልጽ ነበር። ዘጠናው ዛፍ ፍሬውን ሲያረግፍ አንድ ሁለቱ ዘለላቸውን ሞልተው ቆመዋል። ዋናው ጥያቄ እነዚህ ዛፎች በሽታው ስላላገኛቸው ነው ወይስ በሽታውን ስለ ተቋቋሙት ነው የዳኑት የሚለው ነበር።

ይህን ለመመለስ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጠናከረ የምርጫ ሥራ ተጀመረ። የሥራው ማዕከል በጅማ አቅራቢያ በመልኮ የተቋቋመው የቡና ምርምር ጣቢያ ነው። ተመራማሪዎች በሽታው ክፉኛ ወደ ጎዳቸው አካባቢዎች እየሄዱ፣ በታመመው መካከል ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ እየፈለጉ ምልክት አደረጉ። ከዚያም የበሽታውን ዘር በውኃ በጥብጠው በእሸቱ ላይ በማሳረፍ ዛፉን ፈተኑት። የዳነው ዛፍ ፍሬ ተለቅሞ ከበቀለ በኋላ ደግሞ ገና ከአፈር ብቅ ባለው ችግኝ ጨቅላ ግንድ ላይ ያው ፈተና ተደገመ። ይህ ዘዴ ትልቅ ጥቅም ነበረው። የቡና ችግኝ አድጎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት መጠበቅ ሲያስፈልግ፣ ችግኙን በጨቅላነቱ በመፈተን ግን በሳምንታት ውስጥ ደካማውን ከጠንካራው መለየት ተቻለ።

ሌላም ተፈጥሮ ያገዘው ነገር አለ። አረቢካ ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ስለ ሆነ ልጁ እናቱን ይመስላል። ስለዚህ በጫካ ወይም በጓሮ የተገኘው ጠንካራ ዛፍ ዘር ብዙ ትውልድ ማዳቀልና ማጥራት ሳያስፈልገው ሊባዛ ቻለ። ሥራው በተጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ የመጀመሪያዎቹ በሽታን የሚቋቋሙ ዘሮች ለገበሬው መታደል ጀመሩ። ኬንያ ግን ጠንካራውን ባሕርይ በማዳቀል ፈልጋ ሩይሩ 11 የተባለውን ዘር ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ልዩነቱ የሰዎቹ ትጋት አይደለም። እነርሱ ከጥቂት ዛፎች በተወለደ ቡና ላይ ሲሠሩ፣ በእኛ በኩል ጫካው ከነሙሉ ሀብቱ በደጃፍ ነበር።

ቁጥሩ የማይነግረን

የተመረጡት ዘሮች የሚታወቁት በቁጥር ነው። 74110፣ 74112፣ 74148፣ 74158፣ 74165 እየተባሉ ይጠራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታሉ። የቀሩት አኃዞች የዛፉ ተራ ቁጥር ናቸው። እነዚህ አምስቱ የተገኙት በኢሉባቦር፣ በመቱ አካባቢ ቢሻሪ ከተባለ ሥፍራ ነው። 75227 የተባለው ደግሞ በተከታዩ ዓመት ከጌራ የተመረጠ ነው። ዛሬ ከደቡብ ምዕራብ ርቀው በሲዳማና በጉጂ ኮረብታዎች ላይ ሳይቀር 74110ና 74112 ተተክለው ይታያሉ።

1974 በአገራችን ታሪክ ምን ዓይነት ዓመት እንደ ነበር ማስታወስ አያስፈልግም። በዋና ከተማው አሮጌው ሥርዓት ሲናድ፣ ሰልፉና አድማው መንገዱን ሲያጥለቀልቀው፣ በቢሻሪ ደግሞ በዝናብ መካከል ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተዘዋወሩ እሸት የሚቆጥሩ ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ነገር በየመጽሐፉ ተጽፏል። ሁለተኛው ግን በአንድ ዘር ስም ውስጥ ሁለት አኃዝ ሆኖ ብቻ ቀረ።

ቁጥሩ ዓመቱን ይነግረናል እንጂ ዛፉን ያቆየውን ሰው ስም አይነግረንም። ይህ ሰው ማን ነው? ከመኸር በፊት በቡናው ሥር ያለውን ቁጥቋጦ የሚመነጥር፣ ጥላ ዛፉን ግን የማይነካ ገበሬ ነው። ከጫካው ሥር የበቀለውን ችግኝ ነቅሎ ወደ ጓሮው የሚያዛውር፣ አንዱን ዓይነት ለብዛቱ፣ አንዱን ለጣዕሙ፣ ሌላውን ለድርቅ ቻይነቱ ጎን ለጎን የሚያኖር ነው። በጌዴኦ ገበሬው ኩሩሜ፣ ወሊሾ፣ ዴጋ እያለ ቡናውን በዓይነት በዓይነቱ ለይቶ ይጠራዋል። ስም ማውጣት ማለት መለየት ነው፤ መለየትም የዕውቀት መጀመሪያ ነው። ሳይንስ የመጣው ይህን ዕውቀት ለመፈተንና ለማስፋፋት እንጂ ባዶ ሜዳ ላይ ለመዝራት አልነበረም።

ለዚህም ድካሙ የቀድሞው ሥርዓት ለገበሬው የከፈለው ነገር የለም። ጭሰኛው የተከለውና የተንከባከበው ዛፍ ሲሦው ወይም እኩሌታው የባለርስቱ ነበር፤ ከመሬቱ ሲነቀል ደግሞ ዛፉን ተሸክሞ አይሄድም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን የብዝበዛ ሰንሰለት በጠሰው። ሆኖም የአዋጅ መውጣት ብቻውን ዛፍ አይጠብቅም። ከዚያ ወዲህም በተፈራረቁት ዘመናት ደን ለእርሻ፣ ለሰፈራና ለጣውላ ሲመነጠር አይተናል። እውነቱን ሳንደባብቅ መናገር የሚገባንም ለዚህ ነው።

ድሉ የጣለብን አደራ

ከዚህ ታሪክ አንድ የተሳሳተ መደምደሚያ ማውጣት ይቻላል። እርሱም ጠንካራው ዘር ተገኝቷልና ሌላው ይነቀል የሚል ነው። እንዲህ ብናደርግ ሴሎንን በገዛ እጃችን ወደ ኢሉባቦር እናመጣዋለን። አገሩን ሁሉ በ74110 ብቻ ብንሸፍነው ዛሬ የተቋቋመውን በሽታ ነገ ሌላ በሽታ ይተካዋል፤ ያን ጊዜ የሚጠየቅ ሌላ ዛፍ አይኖርም። ግንዱን ከውስጥ እያደረቀ ዛፉን ጨርሶ የሚገድለው ሌላው የቡና በሽታ ለፍሬ በሽታ የማይበገረውንም ዛፍ ሊጥል መቻሉ የዚህ ማስጠንቀቂያ ነው።

ደግሞም የደቡብ ምዕራቡ ዘር በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ጠባይ አያሳይም፤ የይርጋ ጨፌን ወይም የሐረርን ጣዕምም ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ ተመራማሪዎች በኋላ ለየአካባቢው ከየአካባቢው ዘር መምረጥ ጀመሩ፤ እንዲሁም ጠንካራውን ከምርታማው እያዳቀሉ እንደ አባ ቡና ያሉ ድቅል ዘሮችን አወጡ። ከዚህም ጋር ጥላውን መጠን፣ አሮጌውን ዛፍ መጎንደልና ጠቁሮ የደረቀውን ፍሬ ለቅሞ ማስወገድ የበሽታውን መዛመት የሚቀንስ፣ ገበሬው በገዛ እጁ የሚሠራው ሥራ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የዘሩ ምንጭ መጠበቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1976 የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል በአገራችን መቋቋሙ፣ በጅማ አካባቢ በጮጬም የቡና ዓይነቶች በማሳ ላይ ተተክለው መጠበቃቸው፣ የከፋና የያዩ ደኖችም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የሕይወት ሉል ጥብቅ ሥፍራነት መመዝገባቸው በጎ እርምጃዎች ናቸው። በአንጻሩ የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በዱር የሚበቅለውን አረቢካ ቡና የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው ዝርያዎች ጋር መዝግቦታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናትም የአየር ንብረት ለውጡ ካልተገታና አማራጭ ካልተወሰደ፣ በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ በኢትዮጵያ ለቡና ከሚመቸው መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ምቹነቱን ሊያጣ እንደሚችል አመልክቷል። ለነገው ሙቀትና ለነገው በሽታ መልስ የሚሆነው ዛፍ ምናልባት ዛሬ አንድ ጫካ ውስጥ ቆሟል። ገና ቁጥር አልተሰጠውም። መጥረቢያው ቀድሞ ከደረሰበት ቁጥር የሚያገኝበት ቀን አይመጣም።

ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ሕዝባችን። ይህን ታሪክ መምህሩ በክፍሉ ውስጥ ከነገሥታቱ ታሪክ ጎን ቢያስተምረው፣ ተማሪው ታሪክ በጫካና በጓሮም እንደሚሠራ ይረዳል። የገጠር ሠራተኛው ወደ ገበሬው ሲሄድ ለማስተማር ብቻ ሳይሆን ለመጠየቅም ይሂድ፤ የትኛው ዛፍ እንደ ቆመና የትኛው እንደ ወደቀ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና። ሠዓሊውና ደራሲውም የቡናን ነገር ሲያነሡ ረከቦቱንና ጀበናውን፣ ዕጣኑንና ቄጠማውን መሣላቸው መልካም ሆኖ፣ ከሲኒው ጀርባ ያለውን ሰው አይርሱት። ያ ሰው በዝናብ ውስጥ ቆሞ ዘለላውን በመዳፉ እያገላበጠ ይመለከታል፤ ዘጠኙ ሲጠቁር አንዱ አረንጓዴ ሆኖ መቅረቱንም ያስተውላል። ያንን አንዱን ዛፍ ሳይቆርጥ በመተዉ ነው ዛሬ ቡና ጠጡ ተባብለን የምንጠራራው።